በቅሎ እሰጥ

ብርቄ አንዳርጌን ሕግ የሚያስተምራት ሰው ገና ከእናቱ ሆድ አልወጣም። ይህን የምትለው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሷ ብርቄ ናት። ምንጭ ስትወርድም፣ እንጨት ስትለቅምም፣ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላም ትለዋለች። «ከመካነ ኢየሱስ እስከ ስማዳ ድረስ በነገር የሚረታኝ ካለ ይምጣ፤ በቅሎ ጭኖ ይምጣ፣ እኔ በእግሬ እቀበለዋለሁ» ትላለች። እስከዚያ ዓመት ድረስ የመጣ ሰው አልነበረም። ባለመምጣቱም ብርቄ አንድ ነገር ብቻ ተረድታለች፦ ፈርተዋል።

ለፉከራዋ መነሻ አላጣችም። አራተኛ ክፍል ደርሳለች። በመንደራቸው አራተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅ ስትፈለግ የምትገኘው እሷ ብቻ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ መንገዷ በአጥቢያ ዳኛው ችሎት ሥር ያልፋል። ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሮጡ እሷ ከወይራው ጥላ ዳር ቁጢጥ ብላ ሙግት ታዳምጣለች። ተሟጋች ኩታውን መቼ እንደሚያጣፋ፣ ዱላውን መቼ መሬት ላይ እንደሚመታ፣ ድምፁን የት ላይ ዝቅ አድርጎ የት ላይ እንደሚያስጮኸው ልቅም አድርጋ ታውቃለች። ማን ረታ፣ ለምን ረታ የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ሳትሰማ ትሄዳለች። ፍርድ የሚሰጠው ሲመሽ ነው፤ እናቷ ደግሞ ለዘገየ ልጅ የምትሰጠው ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ከዚህ ሌላ ጋዜጣ አለ። ጋዜጣው ወደ መንደራቸው የሚመጣው ለመነበብ ሳይሆን ስኳር ተጠቅልሎበት ነው። ብርቄ ስኳሩን ለእናቷ ታስረክብና ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለጎረቤት ሁሉ የዓለምን ወሬ ታሰማለች። ወታደሮቻችን ኮንጎ ዘምተዋል ብላ ባነበበች ዕለት ሽማግሌዎቹ ኮንጎ ከስማዳ ማዶ ናት ወይስ ከወሎ ማዶ ብለው ጠየቋት፤ ከሁለቱም ማዶ ናት አለቻቸው፣ በዚህም አልተሳሳተችም። አንድ የመስኮብ ሰው በብረት ተቀምጦ ሰማይን ዞሮ ተመለሰ ስትላቸው ደግሞ አንድ ቄስ እዚያ ላይ ማንን አገኘ ብለው ጠየቁ። ነጋዴው ወረቀቱን የቀደደው እዚያው ላይ ነው አለቻቸው። ቄሱም ነጋዴውን ሲረግሙ ዋሉ።

በዚሁ ዓይነት አንድ ቀን ጃንሆይ አዲስ ሕግ ማውጣታቸውን የሚናገር ቁራጭ እጇ ገባ። አዲስ ሕግ መውጣቱንና አንቀጹ እጅግ ብዙ መሆኑን ይናገራል። ሕጉ ምን እንደሚል የሚናገረው ወረቀት የሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ብርቄ በዚህ አልተጨነቀችም። የጎደለውን ከራሷ ሞላችው። ከዚያ ወዲህ ወንድሞቿ ቆሎዋን ሲዘግኑባት በአዲሱ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሳህን እጠቢ ስትባል በአዲሱ ሕግ የተማረ ሰው ሳህን አያጥብም። እናቷ ላቀች ግን አዲሱ ሕግ እኛ ቤት እስኪደርስ ድረስ በድሮው እጠቢ ትላት ነበር።

የንቡ ነገር የመጣው በጥቅምት ነው። ገብሱ ቢጫ ሊሆን ሲል ዝንጀሮው ከገደሉ እየወጣ ያስቸግራል። የብርቄ አባት አንዳርጌ ቀኑን ሙሉ ማሳው ዳር ቆሞ ሲጮህ ሰንብቶ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አፉ ይከፈታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን የወናፍ ትንፋሽ ብቻ ነው። ዝንጀሮው እንኳ ዘወር ብሎ አላየው አለ። ላቀች እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ስማዳ ወርዳለች። ስለዚህ የቤቱ አፍ ብርቄ ሆነች፤ ለእሷ ከዚህ የበለጠ በዓል አልነበረም።

አንዳርጌ ቀደም ብሎ አዲስ ቀፎ ሠርቶ፣ ውስጡን በጥሩ ሽታ አጥኖ ከብሳናው ዛፍ ላይ ሰቅሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንብ መንጋ እየጎረፈ መጥቶ ቀፎው ውስጥ ግጥም ብሎ ገባ። አንዳርጌ ደስታውን በጩኸት መግለጽ ስላልቻለ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። እጁ ገና ሳይወርድ አያ ጥጋቡ ኩታቸው እየተጎተተ፣ በግራም በቀኝም እጃቸው አፈር ጨብጠው፣ እያለከለኩ ከተፍ አሉ። ንቡ የእኔ ነው፣ ከቀፎዬ ወጥቶ ነው፣ እስከዚህ ድረስ እንዲያርፍልኝ አፈር እየበተንሁ ስከተለው ነው የመጣሁ አሉ።

በሀገሩ ልማድ የኮበለለ ንብ ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ ከቀፎው ጀምሮ ዓይኑን ሳይነቅል ከተከተለው፣ ንቡ የትም ይረፍ የት የእሱ ነው። መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ ይዞት ንቡን ከለቀቀው ግን ንቡ የገባበት ቀፎ ባለቤት ይወስደዋል። አያ ጥጋቡ አልለቀቅሁም አሉ። አንዳርጌ ለቅቀሃል ለማለት አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ።

አያ ጥጋቡ ባላጋራ ናቸው ሲባል ክፉ ሰው እንዳይመስሉ። ብርቄን ክርስትና ያነሣቻት ሚስታቸው ናት፤ ከአንዳርጌ ጋር በሬ ይቀናጃሉ። የችሎቱ ዕለትም ሁለቱ ተሟጋቾች አብረው ነው የሄዱት። አንድ ቆሎ ከአንድ ስልቻ እየዘገኑ፣ አያ ጥጋቡም ስንቃቸውን በአንዳርጌ በቅሎ ላይ ጭነው። ብርቄ ከኋላ እየተከተለች አንድ ተሟጋች የባላጋራውን ቆሎ መብላቱ በአዲሱ ሕግ እንዴት እንደሚታይ ታብሰለስል ነበር።

በቅሎዋስ? በቅሎዋ ዳልቻ ናት፤ ስሟም ዳልቻ ነው። በዚያ አጥቢያ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ በእሷ ጀርባ ነው የሄደችው። ሰጋር ናት፤ ጋላቢው ጠጅ በብርሌ ይዞ ቢቀመጥ ጠብ አይልበትም ይባላል። አንዳርጌ ከእርሻ ሲመለስ የራሱን እግር ከመታጠቡ በፊት የእሷን ኮቴ ያያል። ላቀች እኔንና ዳልቻን ጎርፍ ቢወስደን ማንን ታወጣለህ ብላው አታውቅም። መልሱን ስለምታውቀው ነው።

አጥቢያ ዳኛው ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ በዚያ ሰሞን በቅሎ አልነበራቸውም። የእሳቸው በሐምሌ ጭጋግ ገደል ገብታለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ችሎት የሚመጡት በእግራቸው ነው፤ እግራቸው ደግሞ ያብጣል። ያን ዕለት ከወይራው ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጭራቸውን ለዝንብም ለተሟጋችም እየወዘወዙ ነበር። ዳልቻ ስትታሰር አይተው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

አንዳርጌ ድምፅ እንደሌለው ከታወቀ በኋላ ዳኛው ስለ እሱ የሚናገር ሰው ይኑር አሉ። አንዳርጌ ብርቄን ወደ ጎን ስቦ በጆሮዋ አንድ ነገር ተነፈሰላት። ንቡ በፈቃዱ ቀፎዬ ገባ፣ ምስክር ይሰማልኝ በይና ተቀመጪ አላት። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ ብሎም በጣቱ አስጠነቀቃት። ብርቄ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የአባቷን ዱላ ከእጁ ወሰደች።

ነጠላዋን አጣፍታ በችሎቱ መካከል ቆመች።  ይህን ቀን ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀው ነበር። ተሟጋች ሲጀምር ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይላል፤ ቃሉ እንደ ጅራፍ ነው። ብርቄ ዱላዋን መሬት ላይ መታችና አፏን ስትከፍት ፊት ለፊቷ የቆሙት የክርስትና እናቷ ባል መሆናቸው ትዝ አላት።

«ይጠየቁልኝ፣ አያ ጥጋቡ» አለች።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ትሑት ጅራፍ ከተፈጠሩ ጀምሮ ያየ አልነበረም። አያ ጥጋቡም ሳቃቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፍነው ልጠየቅ ልጄ አሉ።

ብርቄ ሳቁን እንደ እልልታ ቆጠረችው። የአባቷን ቃል ተናግራ ልትቀመጥ ይገባት ነበር። ይልቁንስ ጠየቀች። ንቡ የእርስዎ ከሆነ ስሙ ማነው? መልኩስ ከሌላው ንብ በምን ይለያል? ከቀፎው ሲወጣ እሄዳለሁ ብሎ አልተሰናበተዎትምን? ካልተሰናበተዎት ጠልቶዎት ነው የወጣ ማለት አይደለምን? ሰዉ ይስቃል፤ እሷ ትግላለች። ከዚያ ቀጥላ አዲሱን ሕግ አነሣች። ንብ ነጻ ፍጡር እንደሆነ፣ በወደደው ቤት መኖር እንደሚችል በአዲሱ ሕግ በሁለት ሺህ ምናምነኛው አንቀጽ ተጽፏል አለች።

ግራዝማች ጭራቸውን አቆሙ። አዲስ ሕግ መውጣቱን ደብረ ታቦር ሲሄዱ ሰምተዋል፤ መጽሐፉን ግን በዓይናቸው አላዩትም። ይህንንም ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው አዎን፣ አንድ እንደዚያ ያለ ነገር አለ አሉ።

አያ ጥጋቡ ግን በእርጋታ ንቡ ያን ሕግ ያነበበው ስንተኛ ክፍል ሆኖ ነው ብለው ጠየቁ። ሳቁ ዘወር ብሎ ወደ እሳቸው ሄደ።

ብርቄ ሳቅ ሲሄድባት ማየት አትችልም። እስከዚያ ድረስ ያቆየችውን አወጣች። ያን ቅዳሜ ውኃ ተሸክማ ከምንጩ ስትወጣ ከአቀበቱ ላይ ሆና በዓይኗ ያየችው ነገር አለ። አያ ጥጋቡ ንብ እያባረሩ መንገድ ላይ ዘወር ብለው በእትዬ አስካለ በር ሲገቡ አይታለች። እትዬ አስካለ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ጥማት የያዘው ሰው እዚያ ቤት ለምን እንደሚገባ የማያውቅ የለም። ብርቄም ይህን በነገር አስጊጣ ተናገረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከፍ አደረገች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ መልሳ አነሣች፤ የሚቀረው መዝጊያው ብቻ ነበር።

አያቷ በሕይወት ሳሉ የድሮ ተሟጋቾችን ጨዋታ ያወሯት ነበር። በጨዋታው ሁሉ ነገሩ ሲጦፍ አንዱ ተነሥቶ «በቅሎ እሰጥ!» ይላል፤ ሌላው «አገባ!» ብሎ ይመልሳል። ብርቄ ይህ ለወጥ እንደሚነሰነስ በርበሬ የንግግር ማጣፈጫ ይመስላት ነበር። እነዚያ በቅሎዎች በእውነት ከጋጥ ወጥተው ለዳኛ እንደሚሰጡ አያቷ አልነገሯትም፤ ወይም ሲነግሯት እንቅልፍ ወስዷታል። በግራዝማች ችሎት ደግሞ በዘመኗ የሰማችው ቢበዛ ማር እሰጥ ሲባል ነው። ማር ለእሷ ዓይነት ተሟጋች አነሰባት።

ዱላዋን ከፍ አድርጋ መሬቱን መታች። «አያ ጥጋቡ ንቡን ትተው ጠላ ሊጠጡ እትዬ አስካለ ቤት ገብተዋል። ይህ ሐሰት ቢሆን በቅሎ እሰጥ!»

 ግራዝማች ቀስ ብለው ቀና አሉ። አንዳርጌ ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ ወደ ዳልቻ ጠቆመ፣ ወደ ልጁ ጠቆመ፣ ደረቱን መታ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገተረ፣ ድምፅ ግን የለም። ሰዉ ተያየ። አባትየውም አጸናው፣ በቅሎዋን እያሳየ ነው፣ ደረቱንም መታ ተባለ። ወንድ ነው ያሉም ነበሩ።

አሁን መልሱ የአያ ጥጋቡ ነው። ዝም ቢሉ ተረትተዋል፤ አገባ ቢሉና ቢሸነፉ እሳቸው በቅሎ የላቸውም፣ የሚሄደው ያው አንድ በሬያቸው ነው። ወደ አንዳርጌ አዩ። አንዳርጌ አሁንም እጁን እያወናጨፈ ነው። አያ ጥጋቡ አንገታቸውን ደፍተው በዝቅተኛ ድምፅ አገባ አሉ።

እትዬ አስካለ ሩቅ አልነበረችም፤ ከገበያው ዳር ተጠርታ መጣች። ማለች። ዳኛው ያን ቅዳሜ አያ ጥጋቡ ቤትሽ ገብተዋልን ብለው ጠየቋት።

«ገብተዋል» አለች አስካለ።

ብርቄ ዱላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሰዉ ዞረች። አስተማሪዋ እዚህ በኖሩ፣ የክፍሏ ልጆች በኖሩ፣ እናቷ ከስማዳ በደረሰች አሰኛት። ያን ጊዜ ሰው ቢጠይቃት ደብረ ታቦር ሄዳ ለመፍረድ እንኳ ዝግጁ ነበረች።

ዳኛው ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር። ለምን ገቡ አሉ።

አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጠለች። ንቡ በአጥሯ ላይ እየጎረፈ መጥቶ ከደጅ ባወጣችው የጠላ ጋን አፍ ላይ ሰፈረ። እሷ ሮጣ ቤት ገብታ በር ዘጋች። በቀዳዳ ስታይ አያ ጥጋቡ ተከትለው ገብተው ከጋኑ ፊት አፈራቸውን እንደ ጨበጡ እንደ ምሰሶ ቆሙ። ደክሟቸዋል ብላ በበሩ ስንጥቅ በኩል ይጠጡ እንደሁ ጠየቀቻቸው። ዓይኔን ካነሣሁ ይሄድብኛል ብለው እንቢ አሏት። ንቡ ጥቂት አርፎ ሲነሣ እሳቸውም ተከትለውት ወጡ።

«እንግዲህ በቤትሽ ጠላ የጠጣ የለም?» አሉ ግራዝማች።

«ንቡ ጠጥቷል» አለች አስካለ። «እሱም ሳይከፍል ነው የሄደው።»

ሰዉ እስኪያነባ ሳቀ። ያልሳቁት አራት ብቻ ናቸው። አንዳርጌ አልሳቀም። ብርቄ አልሳቀችም። አያ ጥጋቡ የአንዳርጌን ፊት አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። ግራዝማች ደግሞ ያወለቁትን ጫማ ከመሬት አንሥተው ቀስ እያሉ ያጠልቁ ጀመር።

ንቡ የአያ ጥጋቡ ነው ብለው ፈረዱ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ንቡንም አያ ጥጋቡንም አያይም፤ የዳልቻን ጀርባ ያያል። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ትሰግራለች ወይ ብለው ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ጠየቁ። ትሰግራለች ተባሉ። ትራገጣለች ወይ አሉ። የለም፣ ሙሽራ የለመደች ናት ተባሉ። ግራዝማች ደስ አላቸው።

ብርቄ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። አያቷ ያወሯት በቅሎዎች ሁሉ አንድ በአንድ ከጋጥ እየወጡ በዓይኗ ላይ ተሰለፉ፤ ከሁሉም ኋላ ዳልቻ ጆሮዋን እያወዛወዘች ትሄዳለች። በችኮላ አዲሱን ሕግ ጠራችው። በአዲሱ ሕግ በነገር መወራረድ ቀርቷል አለች። ግራዝማች ሕጉ ቅድም ስትወራረጂ የት ሄዶ ነበር ብለው ጠየቋት። ወረቀቱ እዚያው ላይ ተቀዶ ነው አለች።

ወደ አባቷ ዞረች። አንዳርጌ እጁን ማወናጨፉን ትቶ፣ ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግንባሩን ከዳልቻ አንገት ላይ አስደግፎ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚናገረው ለሰው ሳይሆን ለበቅሎዋ ነበር።

ይህን ያዩት አያ ጥጋቡ ናቸው ወደ ፊት ወጥተው እጅ የነሡት። ጌታዬ፣ አሉ፣ ንቤን አግኝቻለሁ፣ ይበቃኛል። ይህችን ልጅ ታቅፋ ክርስትና ያነሣቻት ሚስቴ ናት፤ ከቁመቷ ይልቅ አፏ ቀድሞ አደገ እንጂ ገና ልጅ ናት። የልጅ ቃል በቅሎ ከጋጥ አያስወጣም። አባቷም አላጸናም፣ ይጮህ ነበር፣ ድምፅ ስለሌለው ነው። ሰዉም እውነት ነው፣ ልጅ ናት፣ የልጅ ነገር ነው እያለ አጉረመረመ። ግራዝማች ጫማቸውን እንደ ያዙ አመነቱ፤ እጃቸውም ጫማውን ወደ ማውለቁ ያዘነበለ መሰለ። ነገሩ እዚያው ላይ ሊያልቅ ነው።

ብርቄ ዝም ብትል ኖሮ አልቆ ነበር። ግን ልጅ ናት የሚለው ቃል ከሰዉ መሐል እንደ እሾህ መጥቶ ወጋት። አዲሱን ሕግ ያነበበች፣ ኮንጎ የት እንዳለች ለሽማግሌ ያስረዳች፣ በችሎት መካከል ዱላ ይዛ የቆመች ሴት፣ ልጅ? በቅሎዋ ለአፍታ ከዓይኗ ጠፋች።

«ልጅ አይደለሁም» አለች። «እህል ስትጭኑኝ ደርሰሻል ትላላችሁ። ቡሃቃ ስታሸክሙኝ፣ ከምንጭ ስትልኩኝ፣ አራስ ቤት ስታስቀምጡኝ ደርሰሻል ነው። ሽማግሌ ልኮ ለልጁ የሚጠይቀኝም አልታጣ። ቃል ስናገር ጊዜ ነው ልጅ የምሆነው? በአንድ ራስ ላይ ሁለት ዕድሜ የሚቆጥር ሕግ የት ነው ያለ? የደረስሁ ከሆንሁ በሁሉም ደርሻለሁ፤ ቃሌም ቃል ነው።»

ይህን ስትል ነጠላዋን ማጣፋት ረስታለች፣ ዱላዋንም አልመታችም። ከሴቶቹ አንዷ እውነቷን ነው አለች። ሌሎቹም እንዴታ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህች ልጅ ወንድ ብትሆን ብለው ጀመሩና የሴቶቹን ፊት አይተው ተዉት። ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙግት ሰምተዋል፣ እንዲህ ያለ ግን ከስንት አንዴ ነው ያጋጠማቸው።

«ይህ ክርክር የሚያስረታ ክርክር ነው» አሉ። «ተቀብያለሁ። ደርሳለች፣ ቃሏም ቃል ነው።» ከዚያ ያን ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው አሰሩ። «በሉ፣ በቅሎዋን ፍቱልኝ።»

ብርቄ ረታች። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ሙግት፣ በአጥቢያው ሰው ፊት፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ ረታች። ሰዉ ሁሉ ያያታል። አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ ዳልቻ ሄዶ ገመዱን ያዘ። አንዳርጌ ልጓሙን አልለቀቀም። ሰውየው ገመዱን ሳብ ሲያደርግ ዳልቻ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ወደ አንዳርጌ ዞረች፤ አንዳርጌም ወደ ብርቄ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ምን አደረግሁሽ እንደሚል ሰው ነው ያያት።

አያ ጥጋቡ አንድ ጊዜ ለመናገር ቃጡ፤ ዳኛው በጭራቸው ከለከሏቸው። ደርሻለሁ ያለ አፍ ካለ አልደረስሁም ማለት የሚችለውም ያው አፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ስለ እሷ አይልላትም አሉ።

ብርቄ ዱላውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ስለ ሕግ ሌላ የምታውቀው ነገር እንዳለ አእምሮዋን በረበረች፤ በዚያ ሁሉ የስኳር ወረቀት መሐል አንድም አላገኘችም። ነገ ምንጭ ስትወርድ የሚስቁባትን ልጆች አሰበች። ስማዳ ያለችውን እናቷን አሰበች። ከዚያ ሰውየው ገመዱን ከችካሉ ሲፈታው አየች።

«ልጅ ነኝ» አለች፣ ወደ መሬት።

ግራዝማች እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ጎንበስ አሉ። አልተሰማኝም፣ ለሰዉ ሁሉ ይሰማ፣ ቅድም ደርሻለሁ ስትይ እስከ ገበያው ተሰምቶ ነበር አሏት።

ብርቄ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዱላውንም ለአባቷ መለሰችለት።

«ልጅ ነኝ!»

ግራዝማች ጫማቸውን መልሰው አወለቁ፤ ሰውየውም የዳልቻን ገመድ ለአንዳርጌ ለቀቀለት። አያ ጥጋቡ የቆሎውን ስልቻ ከመሬት አንሥተው በትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ለዚህስ» አሉ፣ «ምስክር አያስፈልገንም ነበር።»